የባሕር ዳርቻ ትንንሽ ከተሞችን በካምፐርቫን ለመዞር፦ ከማደሪያው ጀምሩ

ካምፐርቫን ውስጧ አልጋ፣ ምድጃ፣ ፍሪጅና የውኃ ታንከር የተገጠመላት ቫን ናት። ሆቴል ፍለጋ የለም፤ ሻንጣ ማውጣትና ማስገባትም የለም። ማታ አሳ አጥማጆች ጀልባቸውን ሲያስሩ እያያችሁ ሻይ ታፈላላችሁ። ጠዋት በሩን ስትከፍቱ ባሕሩ እዚያው ነው።

ብዙ ሰው ለዕረፍት ሲወጣ የሚያቅደው ምን እንደሚያይ ነው። በካምፐርቫን ሲሆን ግን መጀመሪያ የሚወሰነው የት እንደሚታደር ነው። ማደሪያው ከታወቀ ሌላው ሁሉ ቦታ ቦታውን ይይዛል። ካልታወቀ ግን ከሰዓቱ በሙሉ «የት እንቁም?» በሚል ጭንቀት ያልቃል። ሲመሽ ደግሞ ሰው ያገኘበት ያቆማል፤ ያገኘበት የሚያቆም ሰው ባሕር አጠገብ ብዙ ጣጣ ይጠብቀዋል። ከዚህ በታች የምነግራችሁ ሁሉ ከዚህ ይነሣል።

ካርታው ላይ ቀንሱ

አንድ ሳምንት ካላችሁ ሦስት ወይም አራት ከተማ በቂ ነው። ሰባት ቀን ሰባት ከተማ ብላችሁ ከወጣችሁ የምታስታውሱት መሪና አስፋልት ብቻ ይሆናል። የጠረፍ መንገድ ጠመዝማዛ ነው። ካርታው ላይ ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት ከተሞች መሃላቸው የባሕር ክንድ ገብቶ ዙሪያ ጥምጥም ሊያስኬዷችሁ ይችላሉ። ስልካችሁ የሚነግራችሁ ሰዓትም ለትንሽ መኪና የተሰላ ነው፤ ሲሶውን ጨምሩበት። በቀን ከ150 ኪሎ ሜትር ባታልፉ ይመረጣል።

በአንድ ከተማ ሁለት ሌሊት እደሩ። የመጀመሪያው ቀን ለመድረስ፣ ለማቆምና ለመደላደል ነው። ከተማዋ የምትከፈትላችሁ በሁለተኛው ቀን ነው። የትኛው መንገድ ወደ ወደቡ እንደሚያወጣ ታውቃላችሁ፤ ትናንት ያያችሁት ሽማግሌ ዛሬም እዚያው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው ሰላም ይሏችኋል። ለኔ የዚህ ጉዞ ጣዕሙ ይኸው ነው።

ለእያንዳንዱ ሌሊት ሁለት ማደሪያ ጻፉ፤ አንድ የምትፈልጉትን፣ አንድ መጠባበቂያ። መጠባበቂያው ከባሕሩ ራቅ ያለና ሜዳማ ቢሆን ጥሩ ነው። የመጀመሪያው ሞልቶ ስታገኙት በመንገድ ዳር ቆማችሁ ስልክ ላይ ከመፍጠጥ ያድናችኋል።

መኪናዋን መምረጥና መረከብ

ትልቅ ቫን ምቾት ትሰጣለች፤ ትንሽ ቫን ከተማ ታስገባለች። ለባሕር ዳርቻ ትንንሽ ከተሞች ያለ ማመንታት ትንሿን ምረጡ። ለሁለት ሰው 5 ሜትር ተኩል አካባቢ ርዝመት ይበቃል። ከ6 ሜትር በላይ ስትሆን ተራ ፓርኪንግ ውስጥ ጭራዋ ይወጣል።

ከርዝመት ይበልጥ የሚረሳው ቁመት ነው። ጣሪያቸው ከፍ ያለ ቫኖች ወደ 2.6 ሜትር ይጠጋሉ። የባሕር ዳርቻ ፓርኪንጎች መግቢያ ላይ የሚሰቀለው የከፍታ መገደቢያ ብረት ደግሞ ብዙ ጊዜ 2 ሜትር አካባቢ ነው። የሚሰቀለውም እንደናንተ ያለችውን መኪና ለማስቀረት ነው። እንደ ቮልስዋገን ካሊፎርኒያ ያሉት፣ ጣሪያቸው ሲፈለግ ብቻ የሚነሣው፣ ቁመታቸው 2 ሜትር ገደማ ስለሆነ ብዙ በር ይከፈትላቸዋል። እሱም ለጥቂት ስለሆነ መጠኑን በትክክል እወቁ። ቁመቷን፣ ስፖኪዮን ጨምሮ ስፋቷን፣ ርዝመቷን በትልቁ ጽፋችሁ ከመሪው ፊት ለጥፉት። ድልድይ ሥር ቆሞ ማስታወስ ከባድ ነው።

ስለ ክብደትም አስቡ። በአውሮፓ ለምሳሌ ብዙዎቹ ካምፐርቫኖች እስከ 3,500 ኪሎ ድረስ በተራ መንጃ ፈቃድ የሚነዱ ሆነው ነው የሚሠሩት። ያ ቁጥር መኪናዋን፣ ሰዎቹን፣ ብስክሌቱንና ውኃውን ሁሉ ይጨምራል። አንድ ሊትር ውኃ አንድ ኪሎ ነው። 100 ሊትር ሞልቶ መንዳት አንድ ትልቅ ሰው ከነሻንጣው እንደመጫን ነው። ረጅም መንገድ ስትሄዱ ታንከሩን በከፊል ብቻ ሙሉ፤ ስትደርሱ ትጨምራላችሁ።

የምትከራዩ ከሆነ በርክክቡ ላይ አትቸኩሉ። አንድ ጊዜ ቁልፉን ተቀብዬ በ15 ደቂቃ ውስጥ መንገድ ጀመርኩ። ማታ ቧንቧውን ስከፍት ውኃ የለም። ታንከሩ ሙሉ ነው፣ ባትሪው ደህና ነው። በባትሪ መብራት ስንፈልግ ቆይተን የፓምፑ ማብሪያ ከአልጋው ጣውላ ጀርባ ተገኘ፤ አውራ ጣት የምታህል ጥቁር ቁልፍ። ከዚያ ወዲህ አከራዩ እያንዳንዱን ነገር በእጁ እየነካ እንዲያሳየኝ እጠይቃለሁ። የጋዙ መዝጊያ የት ነው? የፊውዝ ሳጥኑስ? የፓምፑ ማብሪያ? የሽንት ቤቱ ካሴት፣ ማለትም ቆሻሻው የሚጠራቀምበት ተነቃይ ሣጥን፣ እንዴት ይወጣል? ክሪኩና እስኮርታ ጎማው አሉ? ሁሉንም በስልክ ቪዲዮ ቅረጹ፤ ጣሪያውንና ሥሩንም ጨምሩ። ኢንሹራንሱ ጣሪያን፣ መስታወትንና የመኪናዋን ሆድ ይሸፍን እንደሆነ ጠይቁ። በብዙ የኪራይ ውል እነዚህ ውጭ ናቸው፤ በጠባብ ከተማና በድንጋያማ ጠረፍ የሚጎዱት ደግሞ እነሱው ናቸው።

የመጀመሪያውን ሌሊት ቅርብ እደሩ። ከተነሣችሁበት 50 ኪሎ ሜትር ባልራቀ ቦታ፣ መብራትና ውኃ ባለው ካምፕ። የጎደለ ዕቃም የማይሠራ ነገርም ያን ጊዜ ይታወቃል፤ መመለስም ቀላል ነው።

ማደር የት ይፈቀዳል?

ይህ ከአገር አገር፣ ከአንዱ ከተማ ወደ ሌላውም ይለያያል። መኪና ማቆም የሚፈቀድበት ቦታ ሁሉ ማደር የሚፈቀድበት አይደለም። በአንዳንድ አገር ደግሞ መኪናው ውስጥ መተኛት ይፈቀድና ወንበር፣ ጠረጴዛ ወይም የጥላ ሸራ ካወጣችሁ ግን «ካምፕ አደረጋችሁ» ተብላችሁ ትቀጣላችሁ። ስዊድንና ስኮትላንድ በተፈጥሮ ቦታ በነፃነት በመዘዋወር መብታቸው የታወቁ ናቸው፤ መብቱ ግን የእግረኛ እንጂ የመኪና አይደለም። ብዙ ተጓዥ እዚህ ላይ ይሳሳታል።

ስለዚህ የከተማዋን አስተዳደር ገጽ ተመልከቱ፣ ስትደርሱም ታፔላውን እስከ መጨረሻው መስመር አንብቡ። በትንሽ ፊደል የተጻፈው ነው ብዙ ጊዜ የሚያስቀጣው። ሐሙስ የገበያ ቀን ከሆነ ሐሙስ ንጋት ላይ አደባባዩ ይለቀቃል። እናንተ ተኝታችሁ ሳለ ነጋዴዎቹ ድንኳናቸውን ይዘው ዙሪያችሁን ሲቆሙ መነሣት አያምርም። ታፔላው ግልጽ ካልሆነ ሰው ጠይቁ። ትንሽ ከተማ ውስጥ የጠየቀ ሰው ይወደዳል።

ከተማዋ ውስጥ በእግር ግቡ

የድሮ አሳ አጥማጅ ከተሞች የተሠሩት መኪና ከመኖሩ በፊት ነው። ቤቶቹ ተጠጋግተው የቆሙት ከባሕሩ ነፋስ ለመከለል ነው። መንገዱ የሰውና የጋሪ ልክ ነው። ጂፒኤስ ግን ይህን አያውቅም፤ አጭሩን መንገድ ይመርጥላችኋል።

አንድ ምሽት እንዲህ ሆነ። መንገዱ ሲጀምር ሰፊ ነበር። ከዚያ ወደ ቁልቁለት ታጠፈ፤ ግድግዳዎቹ ተጠጉ። የቀኙን ስፖኪዮ አጠፍኩ፤ ቀጥዬ የግራውን። ከላይ አንድ ሰገነት ላይ ልብስ ተሰጥቷል፤ የጣሪያው ጫፍ ከሰገነቱ ሥር አንድ ክንድ ያህል ቀርቶታል። ከኋላ ሁለት መኪና ተከትሏል። ያዳነችን አብራኝ የነበረችው እህቴ ናት። ወርዳ ከኋላ ያሉትን ሹፌሮች በትሕትና ወደ ኋላ አስመለሰች፤ ከዚያ እጇን ከፍ አድርጋ ስንዝር በስንዝር መለሰችኝ። 60 ሜትር ለመመለስ ወደ ግማሽ ሰዓት ፈጀ። አስፋልቱ ላይ ቆሜ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ከዚያ የወጣው ሕግ ይኸው ነው፦ ጂፒኤሱን በከተማዋ ስም አትሙሉት። ከከተማዋ ውጭ ያለውን ፓርኪንግ ስም ወይም ነጥብ ስጡት። ከዚያ በእግር ወይም በብስክሌት ግቡ። ብዙ ጊዜ የሚርቀው ከ10 እስከ 20 ደቂቃ ነው፤ መንገዱም ባሕሩን እያሳየ የሚወስድ ነው። በግድ ጠባብ መንገድ ከገባችሁ አንድ ሰው ይውረድ። ቆሞ መምራት ያለበትም በስፖኪዮ በሚታይበት በኩል ነው፤ ሹፌሩ ካላየው ወዲያው ይቁም። ስትታጠፉ የመኪናዋ ጭራ ወደ ተቃራኒው ጎን እንደሚወጣ አትርሱ። በቁልቁለት ፍሬን ላይ ተንጠልጥላችሁ አትውረዱ፤ ማርሽ ቀንሱና ሞተሩ ይያዛችሁ። ከኋላችሁ መኪና ሲሰለፍ ቦታ ስታገኙ ቆማችሁ አሳልፉ። የአገሩ ሰው ወደ ሥራው እየሄደ ነው።

የዕረፍት ወቅት ከሆነ የባሕር ዳርቻ ፓርኪንግ ከረፋዱ ጀምሮ ይሞላል። ከጠዋቱ 4 ሰዓት በፊት ድረሱ፤ ካልሆነ ለቀን የመጣው ሰው መመለስ ሲጀምር፣ ከ10 ሰዓት በኋላ። መሃሉ ላይ መድረስ ዙሪያ መዞር ነው። የአሳ ወደቡ መድረክ ላይ ግን ባዶ ቢሆንም አታቁሙ። ባዶ የሆነው ጀልባዎቹ ስላልተመለሱ ነው። ሌሊትም ሆነ ንጋት ሲመለሱ ሣጥኑና መኪናው ሁሉ የሚቆመው እዚያ ነው።

ባሕሩ አጠገብ ስታቆሙ

ከሁሉ በፊት የባሕሩን ሙላትና ጉድለት እወቁ። በአብዛኛው ጠረፍ ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይጎድላል። ከሙላት እስከ ጉድለት ያለው ጊዜ 6 ሰዓት ከሩብ ገደማ ነው። ሰዓቱ በየቀኑ ወደ 50 ደቂቃ እየዘገየ ይሄዳል። ስለዚህ ትናንት በዚህ ሰዓት ደረቅ የነበረ አሸዋ ዛሬም ደረቅ ነው ማለት አይደለም። ጨረቃ ሙሉ ስትሆንና አዲስ ስትወለድ ሙላቱ ከሌላው ጊዜ ይበልጣል። በሙላትና በጉድለት መካከል ያለው የከፍታ ልዩነትም ከቦታ ቦታ የትየለሌ ነው። በሜዲትራኒያን ባሕር አብዛኛው ጠረፍ ብዙም አይታወቅም። በካናዳ በሚገኘው የፈንዲ ባሕረ ሰላጤ ደግሞ እስከ 16 ሜትር ይደርሳል። የአካባቢው የሙላት ሰዓት ሰንጠረዥ በኢንተርኔትም በወደብ ጽሕፈት ቤትም ይገኛል፤ ማታ ማታ ማየት ልማድ ይሁናችሁ።

ሰንጠረዡ ባይኖር መሬቱ ራሱ ይናገራል። አሸዋው ላይ የደረቀ የባሕር አረም፣ እንጨትና ላስቲክ በመስመር ተደርድሮ ታያላችሁ። ባሕሩ የደረሰበት ጫፍ እሱ ነው። ከዚያ መስመር በታች ለአንድ ሰዓትም ቢሆን አታቁሙ። ከመስመሩ በላይም ቢሆን ነፋስ ከባሕሩ ሲነሣ ውኃው ከሰንጠረዡ ከፍ ይላል። ለማደር ሁልጊዜ ከፍ ያለ መሬት ምረጡ።

አሸዋ ላይ መንዳት ይቅርባችሁ። ካምፐርቫን ከባድ ናት፤ ብዙዎቹ የፊት ጎማ ብቻ ነው የሚጎትታቸው። ከሰመጣችሁ ነዳጅ አትስጡ፤ ጎማው በተሽከረከረ ቁጥር ይቆፍራል። ከጎማው ፊት ያለውን አሸዋ በእጅ ጥረጉ፣ የወለል ምንጣፉን ከሥሩ አስገቡ፣ የጎማውን ንፋስ ትንሽ ቀንሱና በቀስታ ሞክሩ። አስፋልት ላይ እንደወጣችሁ ንፋሱን መልሱ። ባሕሩ እየሞላ ከሆነ ግን ጊዜ ሳታባክኑ እርዳታ ጥሩ፤ ሰዎቹን ከመኪናዋ አውርዱ።

ነፋሱም የራሱ ሰዓት አለው። ፀሐይ የየብሱን አየር ስታሞቀው አየሩ ወደ ላይ ይነሣል፤ ቀዝቃዛው የባሕር አየር ቦታውን ለመሙላት ይገባል። ለዚህ ነው ከሰዓት በኋላ የሚበረታው። የመኪናዋን አፍንጫ ወደ ነፋሱ አዙራችሁ አቁሙ፤ ጎኗን ከሰጣችሁት ሌሊቱን ሙሉ ስትወዛወዝ ታድራለች። ተንሸራታቹ በር ነፋሱ ከሚመጣበት በተቃራኒ ይሁን። የጥላ ሸራውን ደግሞ ለመዋኘት ስትሄዱም ስትተኙም ጠቅልሉት። ነፋስ አንድ ጊዜ ከሥሩ ከገባ ብረቱን ያጣምመዋል።

ከዚያ ማስተካከል ይቀራል። ጠረጴዛው ላይ ውኃ ልክ አስቀምጡ፤ ስልክም ይሠራል። ዝቅ ባለው ጎማ ሥር የፕላስቲክ ታኮ አስገብታችሁ ውጡበት፤ የእጅ ፍሬን ያዙ። ለምቾት ብቻ አይደለም። በጋዝም የሚሠራ ፍሪጅ ካላችሁ መኪናዋ ካዘነበለች በደንብ አያቀዘቅዝም።

ስትዋኙ በቀይና ቢጫ ባንዲራዎች መካከል ግቡ፤ ጠባቂዎቹ የሚያዩት እሱን ነው። ቀይ ባንዲራ ከተሰቀለ አትግቡ። ወደ ውስጥ የሚስብ ጅረት ከያዛችሁ ፊት ለፊት አትታገሉት። ከጠረፉ ጎን ለጎን ዋኝታችሁ ከጅረቱ ውጡና ከዚያ ወደ ዳር ተመለሱ።

ሌሊቱ

እዚህ ላይ ቀልድ የለም። የምድጃ ጋዝ ከአየር ይከብዳል፤ ቢያፈተልክ ወለሉ ላይ ይተኛል። ለዚህ ነው ካምፐርቫን ወለል ላይ ትንንሽ ቀዳዳዎች የሚኖሯት። ብርድ ያስገባሉ ብላችሁ አትድፈኑ፤ ሻንጣም አትጫኑባቸው። ምድጃውን ለማሞቂያ አትጠቀሙበት። ከሰልም ቢሆን ውስጥ አታስገቡ፣ «ጠፍቷል» ቢባልም። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ሰው እንደተኛ ይወስደዋል። የሚጮኸው መለያ መሣሪያ መኖሩን ብቻ ሳይሆን መሥራቱን ቁልፉን ተጭናችሁ አረጋግጡ።

የጣሪያውን መስኮት በትንሹ ክፍት ተዉት። የእስትንፋስ እርጥበት ሲጠራቀም ጠዋት መስታወቱ ውኃ ያንጠባጥባል፤ ፍራሹም ይረጥባል። እርጥብ ፎጣ ውስጥ አትስቀሉ። ስታድሩ በሹፌሩ ወንበር ላይ ዕቃ አትከምሩ፣ ቁልፉም ሁሌ አንድ ቦታ ይሁን። ሌሊት መነሣት ካስፈለገ ቁጭ ብሎ መሄድ ነው።

ውኃ፣ ባትሪና ሽንት ቤት

ለአንድ ሰው በቀን ከ10 እስከ 15 ሊትር ያዙ። በዚያ ምግብም ዕቃ ማጠብም ፈጣን መታጠብም ይቻላል፤ ሻወር ሥር ቆሞ ማሰብ ግን አይቻልም። ከባሕር ስትወጡ ጨዉን ለማስለቀቅ የዳርቻውን የሕዝብ ሻወር ተጠቀሙ። የመጠጥ ውኃ የምትቀዱበት ጎማ የራሳችሁና ንጹሕ ይሁን፤ ሽንት ቤት ማጠቢያው አጠገብ ካለው ቧንቧ አትቅዱ።

የቤቱን ባትሪ፣ ማለትም ሞተሩን የሚያስነሣውን ሳይሆን መብራቱንና ፓምፑን የሚያሠራውን፣ በተመለከተ ዓይነቱን እወቁ። የተለመደው የሊድ ባትሪ ከግማሽ በታች ሲወርድ ዕድሜው ያጥራል። መለኪያው ወደ 12.2 ቮልት ሲወርድ ግማሽ ሆነ ማለት ነው። ሊቲየም ከሆነ ይበልጥ ይሰጣችኋል። ፀሐይ ፓነል ከሌላችሁና ሁለት ቀን ቆማችሁ ከሆነ ሦስተኛውን ሌሊት መብራት ያለበት ካምፕ እደሩ።

የሽንት ቤቱ ካሴት ብዙውን ጊዜ 20 ሊትር አይሞላም። ሁለት ሰው በሁለት ወይም በሦስት ቀን ይሞላዋል። እስኪሞላ አትጠብቁ። የሚደፋው ለዚሁ በተዘጋጀ ቦታ ብቻ ነው። የዕቃ ማጠቢያ እጣቢውም እንዲሁ። መንገድ ዳር ያለው የዝናብ ውኃ መውረጃ በብዙ ቦታ ሳይጣራ ወደ ባሕሩ ነው የሚሄደው። ልጆች የሚዋኙበት ውኃ ነው፤ አሳ አጥማጁም የሚበላበት እሱ ነው። ካምፐርቫን የሚከለክሉ ታፔላዎች ከሚተከሉባቸው ምክንያቶች አንዱ ይኸው ነው። ቆሻሻችሁንም ውጭ በላስቲክ አታሳድሩ፤ የባሕር ወፎች ሌሊት ይበትኑታል።

ከመነሣታችሁ በፊት

ሁለት ዙር አለ፤ አንድ ከውስጥ፣ አንድ ከውጭ። ከውስጥ፦ ጋዙ ተዘግቷል? የጣሪያው መስኮት ወርዷል? መሳቢያዎቹና ፍሪጁ ተቆልፈዋል? ምድጃው ላይ የቀረ ነገር አለ? ከውጭ፦ የመብራቱ ገመድ ተነቅሏል? የደረጃው እግር ገብቷል? ታኮው ተነሥቷል? ሸራው ተጠቅልሏል? ዙሩን ሁልጊዜ አንድ ሰው ይሥራው፣ በአንድ ቅደም ተከተል። «አንተ ዘግተሃል ብዬ» የሚባለው ነገር ያን ጊዜ ይቀራል። እኛ አንድ መሳቢያ ረስተን የመጀመሪያው ኩርባ ላይ ሳህኑ በሙሉ ወለሉ ላይ ፈሰሰ። የተሰበረ ሸክላ ተንሸራታቹ በር ሐዲድ ውስጥ ገብቶ በሩ ለሁለት ቀን በደንብ አልዘጋም።

ድልድይ ላይና ወደ ባሕሩ ዘልቆ በገባ የመሬት ጫፍ ላይ የጎን ነፋስ አለ። ፍጥነት ቀንሱ፣ መሪውን በሁለት እጅ ያዙ። መኪናዋን በጀልባ የምታሻግሩ ከሆነ የብስክሌት መስቀያውን ጨምራችሁ ርዝመቷን ተናገሩ፤ ጋዙንም ከሲሊንደሩ ዝጉ።

ጨውና አሸዋ

የባሕር አየር ራሱ ጨው አለው፤ ባሕሩ ባይነካትም መኪናዋ ትዝጋለች። በየሁለት ሦስት ቀኑ፣ ስትመለሱም አንድ ጊዜ በደንብ፣ ሥሯን በንጹሕ ውኃ እጠቡ። ጎማ መያዣውን፣ የፍሬኑን አካባቢና የብስክሌት መስቀያውን አትዝለሉ። አሸዋውን ግን በውኃ አታባርሩት፤ መጀመሪያ ደረቁን በብሩሽ ጥረጉ። ተንሸራታቹን በር እስከ መጨረሻው ክፈቱና ሐዲዱ ላይ ከጥግ እስከ ጥግ የቆየ የጥርስ ብሩሽ አስኪዱበት። የመጨረሻው አሸዋ ሁልጊዜ የሚገኘው ከኋላው ጥግ፣ በሩ በሚቆምበት ጎድጓዳ ውስጥ ነው።